«በሞቴ ብላ» እና ፕሮፌሰር በርች

ሰሞኑን ማታ ማታ፣ ልጄ ከተኛ በኋላ፣ የፕሮፌሰር ሊያን በርችን ጥናቶች እያነበብኩ ነው። የምሠራው ዴይኬር (የሕፃናት መዋያ) ነው፣ አሜሪካ፣ ሜሪላንድ። ስማቸውን የሰማሁትም ለሥራ በወሰድኩት ሥልጠና ላይ ነው። በ2019 አርፈዋል (ዓመቶቹ በፈረንጅ ናቸው)። ዕድሜያቸውን ሙሉ ያጠኑት ልጆች ምን እንደሚበሉ፣ ለምን እንደሚበሉና ወላጅ መሃል ገብቶ ምን እንደሚያደርግ ነው። መጀመሪያ ኢሊኖይ፣ ከዚያ ለብዙ ዓመት ፔን ስቴት፣ በመጨረሻ ጆርጂያ ዩኒቨርሲቲ አስተምረዋል። የተማሩት ሥነ ልቦና ነው። ለዚህ ይመስለኛል ዓይናቸው ከቫይታሚኑ ይልቅ ማዕድ ዙሪያ የተቀመጠው ሰው ላይ የሚያርፈው።

በጣም የወደድኩት የብስኩቱን ሙከራ ነው። ከጄኒፈር ፊሸር ጋር ሆነው በ1999 ያወጡት ነው። ትንንሽ ልጆች ጠረጴዛ ዙሪያ ተቀመጡ። ብስኩቱ ሁለት ዓይነት ነው፤ አንዱ ውስጡ ፖም አለው፣ ሌላው ኮክ። አንደኛው ሳህን ላይ ቀረበ፣ እንደ ልብ። ሌላው መሃል ላይ፣ ውስጡ በሚታይ ባለክዳን ዕቃ ተዘግቶ ተቀመጠ። የሚከፈተው ለትንሽ ደቂቃ ብቻ ነው። ከዚያማ ምን ይጠየቃል! ልጆቹ የሚያወሩት ስለ ተዘጋው፣ የሚለምኑት የተዘጋውን፣ እጃቸውን የሚሰዱት ወደ ተዘጋው ሆነ።

ከረሜላ ቁም ሳጥን ላይ በሚደበቅበት ቤት ያደገ ሰው ይሄን ለማወቅ ጥናት አያስፈልገውም። የገረመኝ ቀጥሎ ያለው ነው። በፔን ስቴት 197 ሴት ልጆችን ከነወላጆቻቸው ከ5 ዓመታቸው ጀምሮ ተከታተሉ። በ5 ዓመታቸው እናቶቻቸው አብዝተው ይከለክሏቸው የነበሩት፣ 9 ዓመት ሲሞላቸው ሳይርባቸውም የመብላት ልማዳቸው ከሌሎቹ በልጦ ተገኘ።

በሽልማት ማግባባቱም ያው ነው። በ1984 ባወጡት ሙከራ፣ ልጆች ኬፊር የተባለ የማያውቁትን የወተት መጠጥ እንዲጠጡ ሽልማት ተሰጣቸው። ጠጡ። መጠጡን መውደዳቸው ግን ቀነሰ።

እናቴ ከአዲስ አበባ መጥታ አብራን ናት። እንጀራ በሽሮ ጠቅልላ ልጁን ከሳሎን መኝታ ቤት፣ ከመኝታ ቤት ሳሎን ታሳድደዋለች። «በሞቴ! አፈር ስሆን! ይቺን ብቻ!» እሱ ከንፈሩን ግጥም አድርጎ ይዘጋል። «እህል አይቀምስም እኮ ይሄ ልጅ» ትለኛለች። ቅድም የበላው ሙዝና እርጎ እሷ ዘንድ አይቆጠርም።

በ1991 የወጣውን ጥናታቸውን ነገርኳት። ከ2 እስከ 5 ዓመት የሆኑ 15 ልጆች በ6 ቀን ውስጥ የበሉት ሁሉ ተለካ። ከማዕድ ማዕድ የሚበሉት መጠን በጣም ይለያያል፤ የቀኑ ድምር ግን ብዙም አይዋዥቅም። ምሳ ላይ ያጎደለውን እራት ላይ ያካክሳል ማለት ነው። «እና ምሳ አይብላ ነው የምትይው?» አለችኝ። ጨዋታው እዚያው አለቀ።

እኔ በእሷ አልፈርድም። የ77ቱን ድርቅ (ይሄ እንኳን በእኛ ነው) ያየ ሰው፣ ልጅ «በቃኝ» ሲል እንዴት ደስ ይለዋል? በ2016 በተደረገው አገር አቀፍ ጥናት፣ ኢትዮጵያ ውስጥ ከ5 ዓመት በታች ካሉት ልጆች 38 በመቶው የቀነጨሩ ነበሩ። ክብደታቸው ከልክ ያለፈው 1 በመቶ ብቻ። እዚህ አሜሪካ ደግሞ ከልጆችና ከታዳጊዎች ከአምስቱ አንዱ ገደማ ከልክ ያለፈ ውፍረት አለበት። ፕሮፌሰሯም የሚሉት ከዚህ አይርቅም። ብላ፣ ጨርስ፣ ይጨመርለት፣ ሲያለቅስ አጉርሺው የሚለው ልማድ የመጣው ዋናው ስጋት ረሃብ ከነበረበት ዘመን ነው። ምግብ ሞልቶ በተረፈበት ቦታ ግን ያው ልማድ ይጎዳል። እናቶችን ከመውቀስ ይሄ አነጋገር ይሻለኛል።

አንድ ነገር ግን አልዋጥልህ ብሎኛል። እነዚያ 197 ልጆች ሁሉም ነጮች ናቸው፣ ከማዕከላዊ ፔንሲልቫንያ። የበሉትም በየሳህናቸው ነው። በሌላ ጥናታቸው የ5 ዓመት ልጆች ማካሮኒው ሲበዛላቸው አብዝተው በሉ፤ የ3 ዓመቶቹ ግን ቢጨመርም ባይጨመርም ያው ነበሩ። እሺ፣ ትሪ ላይስ? አራት ሰው ከአንድ እንጀራ እየቆረሰ፣ ወጡ መሃል ፈሶ፣ የልጁ ድርሻ የቱ ነው? ጉርሻውስ ከማን ሂሳብ ይያዛል?

ዴይኬር ላይ ነገሩ ቀላል ነው። ሳህኑ በየጠረጴዛው ይዞራል፣ ልጆቹ በትንሽ ማንኪያ ለራሳቸው ያወጣሉ። ፎሶሊያ አይቶ ፊቱን የሚያዞር ልጅ አለን። አጠገቡ የምትቀመጠው ስታወጣ ግን እሱም ሁለት ፍሬ ያወጣል። በርች በ1980 ያሳዩት ይሄንኑ ነው፤ አትክልት የሚመርጥ ልጅ ሌላ ዓይነት ከሚወዱ እኩዮቹ ጋር ሲቀመጥ ምርጫው ወደ እነሱ ያደላል። እኛ አዋቂዎቹ ዝም ነው የምንለው። ቤት ያለው ዝምታ ነው የሚከብደው።

ከእናቴ ጋር አሁን ግማሽ ስምምነት ላይ ደርሰናል። ልጁ ትሪው ጋ መጥቶ ከተቀመጠ ታጎርሰዋለች። ከተነሳ ማሳደድ የለም። «ሁለተኛዋንስ?» አለችኝ፤ አንድ ጉርሻ ያጣላል ይባላላ። ሁለተኛዋን ፈቀድኩ።

ቅዳሜ የዘመድ ክርስትና አለብን። አክስቶቹ ሁሉ እጃቸውን ታጥበው ይጠብቁታል። እዚያ እንኳን ምንም አልናገርም።