የራስ ኃይሉን አገር ሳይ

ደብረ ማርቆስ የሄድኩት በ2011 ጥር ላይ ነው፣ መንገዱ እንዲህ ሳይከፋ በፊት። ደሴ ላደገ ሰው ልጅ ኢያሱ የቤቱ ልጅ ነው፣ አባቱ ንጉሥ ሚካኤል ያሠሩት አይጠየፍ አዳራሽ አጠገብ ነው ኳስ ስንጫወት ያደግነው። ስለዚህ እኛ ቤት ራስ ኃይሉ ተክለ ሃይማኖት በደግ ነበር የሚነሳው፣ የኢያሱ አማት፣ የሰብለ ወንጌል አባት፣ ከዙፋን ወርዶ የታሰረውን ኢያሱን ከፍቼ እስር አስመልጣለሁ ብሎ ጎጃምን የሚያክል አገር ያጣ ሰው እየተባለ። እሱ የገዛው ሕዝብ ምን ይላል የሚለውን የጠየቀ ግን አልነበረም፣ እኔ የሄድኩት ለዚህ ነው።

ከአዲስ አበባ 300 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። እስከ ጎሃ ጽዮን የማወራው ነገር የለኝም። ዓባይ በረሃ ስንገባ ግን እንቅልፍ የሚባል ነገር ጠፋብኝ፣ ቁልቁል ነው፣ ቁልቁል ነው፣ አያልቅም፣ ከዛ ድልድዩን ተሻግረህ እንደገና ሽቅብ ወደ ደጀን። እዚህ ጋ ነው የገባኝ። ዓባይ ጎጃምን እንደ መቀነት ዞሮታል፣ ድልድይ ባልነበረበት ዘመን ክረምት ሲገባ ማን ይሻገራል? ከወንዙ ወዲያ የተቀመጠ ገዢ ለአዲስ አበባ እጅ መንሻውን እስከላከ ድረስ ገበሬው ላይ የፈለገውን ቢያደርግ ማን ያየዋል?

ረዳቱ ለአንዲት ቦርሳ 50 ብር ጨምር አለኝ፣ ሌላው ሰው ከዛ የሚበልጥ ጭኖ ምንም አልተባለም፣ ተናደድኩ፣ ከፈልኩ። ማርቆስ ስደርስ የያዝኩት አልጋ 250 ብር ነው፣ ውሃ የለም፣ ከጎኑ ያለው ግሮሰሪ እስከ ሌሊቱ 8 ሰዓት ሙዚቃውን አልቀነሰም፣ ጠዋት ለባለቤቱ ስነግረው ትከሻውን ነቀነቀብኝ። ደሴ እንግዳ እንዲህ ቢባል ጎረቤት ሁሉ ነው የሚያፍረው።

ግን ጠዋት ማርቆስ ቤተ ክርስቲያን ተሳልሜ ስወጣ ሁሉም ተረሳኝ። በሩ አጠገብ ጋቢያቸውን ለብሰው የተቀመጡ ሽማግሌ ነበሩ፣ «እንግዳ ነህ ልጄ?» አሉኝ፣ ከወሎ ነኝ ስላቸው እጄን ይዘው ቤታቸው ወሰዱኝ። ባለቤታቸው ቡና አፈሉ፣ ዳቦ በማር ቀረበ፣ ሶስተኛውን ሳልጠጣ መነሳት አይቻልም አሉ። ማሩን መቼም አልረሳውም።

ስለ ራስ ኃይሉ ስጠይቃቸው የአባባ ፊት ተለወጠ። አባታቸው በሱ ዘመን ግብር ከፋይ ነበሩ። «አባቴ ስሙን ሲሰማ በቀኝ እጁ ኪሱን ይይዝ ነበር» አሉኝ። የራስ ኃይሉ አባት ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት በ1893 ሲሞቱ ጎጃም ተከፋፍሎ ነበር፣ ልጁ ቀስ በቀስ መልሶ ጠቀለለው፣ በ1916 ከራስ ተፈሪ ጋር አውሮፓን ዞሮ መጣ፣ በሀብቱ በመላው አገሪቱ ከሚጠሩት አንዱ ሆነ። ሀብቱ ከየት መጣ? ከነዚህ ሰዎች ጎተራ ነዋ! ይሄንን እኛ ቤት ማንም ነግሮኝ አያውቅም።

በ1924 ኢያሱ አምልጦ ሲያዝ የራስ ኃይሉ እጅ እንዳለበት ታወቀና ሞት ተፈረደበት፣ ወደ ዕድሜ ልክ እስራት ተለወጠለት፣ ንብረቱ ተወረሰ፣ ጎጃም ለራስ እምሩ ተሰጠ። እዚህ ቢያበቃ ኖሮ እኔም እንደ ድሮው አዝንለት ነበር። ግን ጣሊያን ሲገባ በ1928 ነጻ ወጥቶ ለጠላት አደረ፣ የራስ ካሣ ልጆች አበራና አስፋ ወሰን ታኅሣሥ 1929 እዛው ፍቼ ላይ እጃቸውን ሲሰጡ በመሃል የገባው እሱ ነው፣ ጣሊያን ወዲያው ገደላቸው። ኢያሱን ሊያስፈታ በሞከረበት ከተማ! ከዛ አርበኛውን እንዲያባብል ጎጃም ላኩት። ጣሊያን በ1933 ከማርቆስ ሲወጣ ከተማውን ተረክቦ ባንዲራ ሰቅሎ ንጉሠ ነገሥቱን የተቀበለው ማን ሆነና? ጃንሆይ መጋቢት 28 ሲገቡ ራስ ኃይሉ እጅ ነሳቸው።

አባባ በጣም የተናደዱት ግን በዚህ አይደለም። ሙሉውን የጣሊያን ዘመን ዱር ያሳለፈው አርበኛ በላይ ዘለቀ ጥር 1937 አዲስ አበባ ላይ ተሰቀለ፣ ራስ ኃይሉ ግን በቁም እስር ተቀምጦ ከጥቂት ዓመት በኋላ በአልጋው ሞተ። «ይሄን ፍርድ ትለዋለህ?» አሉኝና ሲኒያቸውን አስቀመጡ። እሳቸው የቢቸና ሰው ናቸው፣ የበላይ አገር። መልስ አልነበረኝም፣ አሁንም የለኝም፣ በጣም ነው የሚከነክነኝ።

ከዛ ነው የራሳቸውን ዘመን ያወሩልኝ። ራስ ኃይሉን ያወረደው አዲስ አበባ ነው እንጂ ገበሬው አይደለም፣ ስለዚህ ገዢ ተቀየረ እንጂ ለገበሬው ብዙም ነገር አልተቀየረም ባይ ናቸው። በ1960 የእርሻ ገቢ ግብር ሲታወጅ ግን ቢቸና፣ ሞጣ፣ ዳሞት ተነሳ፣ መሬታችን ሊለካብን ነው ብለው ጠመንጃ አነሱ፣ መንግሥት ወታደርም አውሮፕላንም ላከ፣ እሳቸውም ጫካ ገብተው ነበር። መጨረሻ ላይ አገረ ገዢው ደጃዝማች ፀሐዩ እንቁ ሥላሴ ከሥልጣን ተነሳ፣ ውዝፍ ግብሩም ተሰረዘ። «እኛ ነን ያነሳነው» ሲሉ ድምፃቸው የወጣት ነበር፣ ደስ አለኝ፣ በእውነት ደስ አለኝ።

የንጉሥ ተክለ ሃይማኖትን ግቢ ከዛ በኋላ ከውጭ አየሁት፣ አይጠየፍን የለመደ ዓይን ብዙም አይገረምም። ባጃጁ ከዛ መናኸሪያ 60 ብር ጠየቀኝ፣ አባባ ከኋላ ተከትለውኝ መጥተው ኖሮ ተቆጡት፣ በ10 ብር ወሰደኝ።

ወደ ባሕር ዳር ስሄድ አጠገቤ የተቀመጠው የዩኒቨርሲቲ ተማሪ የደንበጫ ልጅ ነው፣ ራስ ኃይሉን በስም ብቻ ነው የሚያውቀው። ሁሉንም ነገርኩት። እሱ ደግሞ ግብሩን የትኛውም ገዢ ይሰበስብ ነበር፣ እሱን ብቻ ለይቶ መውቀስ ልክ አይደለም ብሎ ተከራከረኝ። የጣሊያኑንስ ስለው ዝም አለ፣ ትንሽ ቆይቶ የፍቼውን ነገር እንደገና ንገረኝ አለኝ፣ ፍኖተ ሰላም እስክንደርስ አወራን።