ለከፋን ልቃወም ወጥቼ ራሴ ለከፍኩ

አንድ ሰው ቀድሞ «ቀለበቷን ተጠንቀቂ» ብሎኝ ቢሆን 200 የታክሲ ስቲከር ባልቀደድኩ ነበር።

ለከፋ ሰልችቶኛል። መጀመሪያ ፖስተር ለመስቀል አስቤ አንድ ቢሮ ሄድኩ። «ደብዳቤ አምጪ» ተባልኩ። ሳመጣ «ይሄ እኛን አይመለከትም» አሉኝ። ተውኩት። ለነገሩ የአዲስ አበባ ሰው ፖስተር አያነብም፤ የታክሲ ጥቅስ ግን ያነባል። መንገድ ሲዘጋጋ ሌላ ምን ይታያል?

ጽሑፌ አንድ ዓረፍተ ነገር ነበረች፤ «ስሜ የኔ ቆንጆ አይደለም»። ዲዛይኑን በአንድ ማታ ጨረስኩ። ማተሚያ ቤቱ በማግስቱ አስረከበኝ። ሹፌሮቹን ማሳመን ከፈራሁት ይልቅ ቀላል ነበር፤ ከሹፌር ወንበር ጀርባ ለጠፍኩ።

በሦስተኛው ቀን ከመገናኛ ወደ 4 ኪሎ የሚሄድ ታክሲ ውስጥ ገብቼ የኋላ ወንበር ላይ ተቀመጥኩ። የሰውን ፊት ለማየት ነበር የፈለግኩት። ፊት ለፊቴ ያለች ወጣት ቀና ብላ አነበበች፣ ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች። አልገባኝም። ሹፌሩ በመስታወት አየኝ።

«ልጄ፣ ሴት ሆነሽ አንቺም ትለክፊያለሽ?»

«ምነው ጋሼ?»

«አንብቢዋ እንጂ!»

አነበብኳት። «ስሚ የኔ ቆንጆ» ትላለች።

የሠራሁት ጥፋት ይኸውላችሁ። ኮምፒውተሬ ላይ ያለችው ኒያላ የምትባል የፊደል ዓይነት (ፎንት) ቀጭን መሰለችኝና ዙሪያዋን መስመር ጨምሬ አወፈርኳት። ሚ እና ሜ የሚለዩት እግራቸው ስር ነው፤ ሣልሷ ሰረዝ አላት፣ ኃምሷ ቀለበት። መስመሩ ቀለበቷን ከውስጥ በላት፣ የቀረውን ቀለም ደፈነው። ሜ ሚ ሆነች። የኔዋ ኔም ኒ መስላ ነበር፤ እሷን ግን ማንም ልብ አላለም። ዓይን የለመደውን ያነባል፤ «ስሚ የኔ ቆንጆ»ን ደግሞ ከተማው በሙሉ በቃሉ ያውቀዋል።

«አይደለም»ስ? እሷን ከታች በትንንሽ ፊደል ነበር ያስቀመጥኳት። ሰው መጀመሪያ እንዲደነግጥ፣ ከዚያ እንዲስቅ ብዬ። ብልህ መሆኔ ነበር! ከኋላ ወንበር እሷ የምትታየው ለንስር ብቻ ነው። እኔ ደግሞ ስክሪን ላይ አራት እጥፍ አጉልቼ እያየሁ ስኮራ ነው የከረምኩት። እስካሁን ሳስበው ጆሮዬ ይግላል።

የማተሚያ ቤቱ ልጅ «ወፍራም ፊደል ነው የሚታየው» ይላችኋል። አትስሙት። ግዕዝ ፊደል የሚነበበው በውስጡ ባለው ክፍት ቦታ ነው፤ ወፍራም ካሻችሁ ከመጀመሪያው ወፍራም ተብሎ የተሳለ ፊደል ፈልጉ። አንድ ቅጂ በልኩ አትማችሁ ሦስት ሜትር ራቁ። ለዲዛይነር ጓደኛ አታሳዩ፤ «ያምራል» ከማለት ሌላ አያውቅም። ረዳቱን ጮክ ብሎ እንዲያነብ ለምኑት።

ሁለተኛውን ዙር ቀለበቶቹን በእጄ ከፈትኳቸው። «አይደለም»ን ከሌሎቹ እኩል አደረግኳት፣ ቀይ። እንደገና የኋላ ወንበር ላይ ተቀመጥኩ። አንድ ጎረምሳ አነበበና ጎኑ ወዳለችው ልጅ ዞረ።

«ታዲያ ማን ልበልሽ?»

ከፊት ነጠላ የለበሱ እናት ዞር ሳይሉ መለሱለት።

«ምንም አትበላት።»

ታክሲው እስከ 4 ኪሎ ሲከራከር ሄደ።