ቡድኔ ከእኔ የቀዳው

የምኖረው ቨርጂኒያ፣ አሌክሳንድሪያ ነው። ለሐበሻ ወጥ ቤት የሚሆኑ ዕቃዎችን እየሞከርኩ በቪዲዮ አሳያለሁ። ከቪዲዮው ሥር የአማዞን ሊንክ አለ፤ ሰው በዚያ ገብቶ ከገዛ ኮሚሽን ይታሰብልኛል። ሥራው ሲበዛብኝ ሦስት ሰው ጨመርኩ፦ ዳላስ ያለችውን የአክስቴን ልጅ፣ አንዲት የቤተ ክርስቲያን ጓደኛዬን እና ዴንቨር የሚኖር የድሮ ጎረቤቴን ልጅ። አክስቴ ነገሩን ስትሰማ መጀመሪያ ያለችኝ «ያ ሰው አምጡ የሚሉት ነገር ነው እንዴ?» ነው። አይደለም። ሰው በማምጣት ሳንቲም የሚያገኝ የለም፤ ዕቃ ካልተሸጠ ሁላችንም ባዶ እጃችንን ነን።

አጀማመሬ እንደ አስተማሪ ነበር። ሦስት ገጽ መመሪያ ጻፍኩ፣ እሑድ ማታ ማታ በዙም ሰበሰብኳቸው። ሊንኩ ከተነካ በኋላ የሚቆጠርልን 24 ሰዓት ብቻ ስለሆነ ሰው ሊገዛ በሚያስብበት ሰዓት መለጠፍ እንደሚሻል ነገርኳቸው። የወጥ ቤት ዕቃ 4.5 በመቶ ነው፤ የ150 ዶላር ምጣድ ሲሸጥ 6 ዶላር ከ75 ሳንቲም ይደርሰናል ብዬ አሰላሁላቸው። ሁሉም «እሺ» አሉ። ሁለት ወር ሙሉ እሺ ብቻ።

ያናደደኝ ግን ሌላ ነው። አሜሪካ ውስጥ ኮሚሽን የምታገኝበትን ዕቃ ስታስተዋውቅ ለተመልካቹ በግልጽ መናገር አለብህ፤ የፌዴራል ንግድ ኮሚሽን የሚጠይቀው ነው። ሰው «ተጨማሪ» የሚለውን ካልነካ የማያየው ቦታ ላይ መወሸቅ አይበቃም። መመሪያው ላይ በደማቁ ጽፌዋለሁ። ሦስቱም ግርጌ ላይ ቀብረውት አገኘሁ። አንድ እሑድ ጮኽኩባቸው። ወጣቱ ትንሽ ዝም ብሎ ቆየና ስክሪኑን ሼር አደረገ። የእኔን ቪዲዮ፣ ያውም ከሁሉ በላይ የታየውን ከፈተ። ወደ ታች ወረደ፣ ወረደ፣ ሃሽታጎቹን ሁሉ አልፎ ቆመ። የእኔም እዚያው ነው ያለው።

«እትዬ፣ እኛ እኮ አንቺን አይተን ነው» አለኝ።

ምን እላለሁ? መመሪያውን ከመጀመሪያው ገጽ ያለፈ የለም፤ ቪዲዮዎቼን ግን እየደጋገሙ አይተዋቸዋል። በዚያው ሌሊት የቆዩትን አንድ በአንድ እየከፈትኩ አስተካከልኩ። ከዚያ ወዲህ አፌን የምከፍተው «እንግዲህ፣ በዚህ ሊንክ ከገዛችሁ እኔ ኮሚሽን አገኛለሁ፤ እናንተ ላይ ዋጋ አይጨምርም» ብዬ ነው። ለቡድኑ ደግሜ አልተናገርኩም። በሁለት ሳምንት ውስጥ ሦስቱም እንዲሁ መጀመር ጀመሩ፤ የአክስቴ ልጅማ «እንግዲህ»ዬን ሳይቀር ወሰደችብኝ።

ዙሙን ተውኩት። በምትኩ ስቀርጽ በቪዲዮ ጥሪ ገብተው እንዲያዩኝ አደረግኩ። የመጀመሪያው ቀን ተራው የ16 ኢንቹ የኤሌክትሪክ ምጣድ ነበር። ኖርዌጂያኖች ሌፍሴ ለሚሉት ቂጣ የተሠራ ነው፤ እዚህ ያለ ሐበሻ ግን እንጀራ ይጋግርበታል። በጎመን ዘር አሟሸሁት፣ ሊጡን አዞርኩ፣ ከደንኩ። የመጀመሪያው እንጀራ ያዘ። በሰፌድ ላወጣው ስል ከመሃል ተቀደደ፤ ሁለተኛውም ዓይን አላወጣም። እንደ ድሮዬ ቢሆን ሁለቱን ቆርጬ ጥዬ ሦስተኛውን ብቻ አሳይ ነበር። ሦስት ሰው እያየኝ ግን እንዴት አድርጌ ልቁረጥ? እንዳለ ለቀቅኩት። «የእኔም እንዲህ ያደርገኛል፣ ምን ይሻላል?» የሚል አስተያየት ጎረፈ። ቁጭ ብለን ለእያንዳንዱ ስንመልስ ነው ሽያጩ የመጣው። (ምጣድ ሊያይ ገብቶ ዳይፐር ገዝቶ የወጣም አለ፤ እሱም ይቆጠራል።)

ለእያንዳንዳቸው ማን ምን እንደሸጠ የሚለይ ትራኪንግ አይዲ ከፍቼላቸዋለሁ። ሰኞ ሰኞ አስቀድሜ የራሴን ሪፖርት እልካለሁ፣ ዜሮ የወጣበትን ሳምንት ጨምሮ። ጓደኛዬ የእኔን ዜሮ ካየች በኋላ ነው የራሷን መደበቅ ያቆመችው።

እስካሁን የሚቆጨኝ አንድ ወሬዬ ነው። ድሮ ባሌ በእኔ ሊንክ የቡና መፍጫ እንደገዛ እየሳቅኩ አውርቼ ነበር። የራስም የቤተሰብም ግዢ በአማዞን ደንብ የተከለከለ መሆኑን ያኔ አላውቅም። ጓደኛዬ ቀልዱን እንደ ዘዴ ይዛ እህቷንና ወንድሟን አስገዛች። አልተቆጠረላትም። አካውንቱ ደግሞ በእኔ ስም ነው፤ ያን ሰሞን እንቅልፍ አልነበረኝም። እሷን ግን በምን አፌ ልቆጣት?

ባለፈው ወር ወጣቱ አዲስ ቪዲዮ ላከልኝ። በራሱ ገንዘብ የገዛው መፍጫ ነው። ሦስተኛውን ዙር በርበሬ ሲፈጭበት ከሞተሩ ጭስ ወጣ፤ ካሜራውን ሳያጠፋ እያስነጠሰ መስኮት ሲከፍት ይታያል። «በርበሬ አይችልም፣ ለተልባ ይሆን ይሆናል» ብሎ ጨረሰ። ከሥሩ ሊንክ ፈለግኩ፤ አላስቀመጠም።