አልባኮር ፍለጋ ስትወጡ ቴርሞሜትር ብቻ አትመኑ

ሲያትል ወይም አካባቢዋ ሆናችሁ አልባኮር የሚባለውን የቱና ዓሣ ለማጥመድ ያሰባችሁ ካላችሁ ይሄን አንብቡልኝ። እኔን አስቀድሞ የነገረኝ ሰው አልነበረም።

ቀላሉን ቶሎ ልጨርሰው። የዓሣ ጀልባዎቹ ከሚነሱባት የባሕር ዳር ከተማ፣ ዌስትፖርት ድረስ በመኪና ሂዱ። ጀልባ ላይ ቦታ ቀድማችሁ ያዙ። የማቅለሽለሽ መድኃኒቱን ከመሳፈራችሁ በፊት ዋጡ። ወፍራም ጃኬት ያዙ።

ያንገበገበኝ ሌላ ነው። ለጀልባው ባለቤቶች ስደውልላቸው «በዚህ ወር ዓሦቹ ምን እየበሉ ነው?» ብዬ ጠየቅኩ። «ውሃው 15 ዲግሪ ካለፈ ዓሣ አለ፣ ሌላው አያሳስብህ» አሉኝ። ካፒቴኑም ያንኑ ደገመልኝ። ጁላይ ነበር። ቀኑን ሙሉ ሞቅ ያለ ውሃ ላይ የፕላስቲክ ማታለያ ከኋላ እየጎተትን ዞርን። ስክሪኑ ላይ ያለው ቁጥር ያምራል፣ ዓሣ ግን የለም። በምሥራቅ በኩል ወፎች ውሃው ላይ እየተወረወሩ ሲወርዱ በዓይኔ አያለሁ። «ወደዚያ እንሂድ» ስል «እዚያ ይቀዘቅዛል» ተባልኩ። አንዴም፣ ሁለቴም። ያን ሁሉ ገንዘብ ከፍዬ ባዶ እጄን ተመለስኩ። እስካሁን ሳስበው ደሜ ይፈላል።

ነገሩን ማንበብ የጀመርኩት ከዚያ በኋላ ነው። በሰመር ከሰሜን የሚነፍሰው ነፋስ በዳርቻው ያለውን የላይኛውን ውሃ ወደ ውቅያኖሱ ይገፋዋል። በምትኩ ቀዝቃዛና ንጥረ ነገር የበዛበት ውሃ ከሥር ይወጣል። ዓይን የማያያቸው እፅዋት ይበዛሉ፣ ውሃው አረንጓዴ ይሆናል፣ ትንንሽ ዓሦች ይሰበሰባሉ። አልባኮር የሚያድነው በዓይኑ ነው። ሞቅ ያለ፣ ጥርት ያለ ሰማያዊ ውሃ ይፈልጋል። ምግቡ የሚበዛው ግን አረንጓዴው በኩል ነው። ስለዚህ ሁለቱ ውሃዎች በሚገናኙበት ድንበር ላይ ያንዣብባል። ሞቅ ያለ ውሃ ብቻውን ባዶ ገበታ ነው።

እዚህ የሚመጡት አብዛኞቹ ለመራባት ያልደረሱ ወጣቶች ናቸው። ከጃፓን በኩል ፓስፊክን አቋርጠው የሚመጡም አሉ። ያን ሁሉ መንገድ የሚያስኬዳቸው ሆዳቸው ነው። ቅዝቃዜው ሲገባ ደግሞ ከዳርቻው ይርቃሉ። ታዲያ ስለ ምግባቸው መጠየቅ እንዴት አያሳስብም ይባላል?

ሴፕቴምበር ላይ ሌላ ጀልባ ያዝኩ። በሕይወት ያለ አንቾቪ፣ ማለት ለማጥመጃ የሚሆን ትንሽ ዓሣ፣ ጭኗል። ካፒቴኑ የቀለሙን ድንበር ይዞ ሄደ። አንቾቪው በእፍኝ ሲበተን ውሃው ተተራመሰ። መጀመሪያ ያወጣሁትን ሆዱን አስከፈትኩ። አንቾቪ ሞልቶታል፣ መሐል መሐል ስኩዊድ የሚባል አጥንት የለሽ የባሕር እንስሳ አለበት። ኮራሁ፣ አልደብቅም።

እንግዲህ ስትደውሉ ስለ ዲግሪው ሳይሆን ስለ ውሃው ቀለም ጠይቁ። ሕያው አንቾቪ መኖሩንም አረጋግጡ። ባሕር ላይ የመጀመሪያውን ዓሣ ሆድ እዚያው አስከፍቱ። ውስጡ ጣት የማታክል ነገር ካለ ትልቁን ማታለያ አውጥታችሁ በትንሽ ቀይሩ። ጁላይን ከሴፕቴምበር እኩል ነው የሚላችሁን አትስሙ።

በረዶ ላይ ደግሞ አትደራደሩ። የቱና ሰውነት ከውሃው ይሞቃል። ደሙ ወዲያው ፈስሶ በረዶ ውስጥ ካልገባ ሥጋው ላይ የሚራቡ ባክቴሪያዎች ሂስታሚን የሚባል ነገር ያመነጫሉ፣ ያ ደግሞ ሰው ይመርዛል። ጠበሳችሁት፣ ቀቀላችሁት አይጠፋም። በረዶ የሚቆጥብ ጀልባ ላይ አትሳፈሩ።