ስምንት ልጆች ላሚኔተር ውስጥ ገብተው ቀሩ

ሳሪስ አካባቢ ትንሽ ፎቶ ቤት አለችኝ። ፎቶ ቤት ልበላት እንጂ ጉርድ ፎቶ እናነሳለን፣ ኮፒ እናደርጋለን፣ በኮምፒውተር እንጽፋለን፣ ላሚኔት እናደርጋለን (ወረቀቱን በፕላስቲክ አሽገን በሚሞቅ ማሽን እናሳልፈዋለን)። እውነቱን ልናገርና የቤት ኪራዩን የሚከፍለው ካሜራው ሳይሆን ኮፒ ማሽኑ ነው።

ካቻምና የአክስቴ ልጅ ከዱባይ ስትመጣ ለልጄ ካሜራ ይዛለት መጣች። የልጆች ነው፤ ሰማያዊ፣ በእጅ ሙሉ የሚያዝ። ሆዱን ስትከፍቱት ትንሽ የወረቀት ጥቅል አለ። ፎቶ ታነሳላችሁ፣ ዝዝዝ ይልና የተነሳው ሰው ጥቁርና ነጭ ሆኖ በላይ በኩል ይወጣል። ቀለም የለ፣ ቶነር የለ። ልጄ በሳምንቱ ሰለቸው። እኔን ግን አልሰለቸኝም፤ ወደ ሱቅ ወሰድኩት።

የሱቁ ጌጥ ሆኖ ከረመ። ጉርድ ፎቶ ሊነሱ ሲመጡ የሚያለቅሱ ሕፃናትን ማባበያ አደረግኩት። ልጅ ሁሉ የሚወደው ወዲያው መውጣቱን ነው። ፖላሮይድ የተባለውን፣ ፎቶ ወዲያው የሚያወጣውን ካሜራ የፈጠረው ኤድዊን ላንድም ነገሩን ያሰበው በልጁ ምክንያት ነው ይባላል። እ.ኤ.አ. በ1943 ለእረፍት በሄዱበት ፎቶ ሲያነሳት፣ ትንሿ ልጁ ለምን አሁኑኑ እንደማታየው ጠየቀችው። በ1947 ወዲያው የሚታጠብ ፎቶ ለሰው አሳየ። የእኔ ደንበኞችም ጥያቄያቸው ያው ነው፤ የእኔ ማሽን ግን የፖላሮይድ የልጅ ልጅ ልጅ ቢሆን ነው።

ሰኔ ላይ የሰፈራችን መዋዕለ ሕፃናት ዳይሬክተር መጡ። የዓመቱ መዝጊያ በዓል ሊደረግ ነው። ስለዚች ካሜራ ከአንዷ ወላጅ ሰምተዋል።

«እያንዳንዱ ልጅ እዚያው ተነስቶ እዚያው ይየው። ከዚያ ካርድ ላይ ለጥፈን ለወላጅ እንሰጣለን። ትችላለህ ልጄ?»

«ምን ችግር አለው!» አልኩ። ይቺ ቃል ስንት ጊዜ እንዳስከፈለችኝ።

46 ልጆች ነበሩ። ጠዋት ካሜራውን ስከፍት ስክሪኑ ላይ የሆነች ምልክት ብልጭ ብልጭ ትላለች። ሚሞሪ ካርዱን ለሌላ ሥራ አውጥቼው ረስቼዋለሁ። ካርድ ባይኖርም ያትማል፤ ስለዚህ ዝም አልኩ።

ሥራው ደስ ይል ነበር። ወረቀቱ ሲወጣ ልጆቹ እንደ ዳቦ መጋገሪያ ከበውት ይጠብቃሉ። አንድ ነገር ግን ቶሎ ገባኝ። ይሄ ማተሚያ ግራጫ የሚባል ነገር አያውቅም። ወይ ጥቁር ነጥብ ነው፣ ወይ ባዶ ወረቀት። ጥላ የሚመስለው ሁሉ የነጥቦች መቀራረብና መራራቅ ነው። የእኛ ልጆች ፊት ጥላ ላይ ከሆነ ነጥቦቹ ተደራርበው ጥርስና ዓይን ብቻ ይቀራል። እና እያንዳንዱን ልጅ ወደ መስኮት አዙሬ፣ አንገቱን ቀና አድርጌ ነበር የማነሳው። አምሮ ወጣልኝ። ኮራሁ።

ልጆቹ አይተው፣ ስቀው፣ ተቀባብለው ከጨረሱ በኋላ መምህርቷ (ልጆቹ «ሚስ» ነው የሚሏት) ሁሉንም ሰብስባ በፖስታ ሰጠችኝ። ዳይሬክተሯ ጨመሩ፦

«ስስ ነው፣ ይቀደዳል። ላሚኔት አድርገህ ነገ ጠዋት አምጣልኝ።»

ማታ ሱቅ ዘግተን ቀረን፤ እኔና ለልምምድ የመጣችው ልጅ። ላሚኔተሩን አሞቅኩት። አራት አራቱን በአንድ ኤ4 ፕላስቲክ ደርድሬ የመጀመሪያውን አስገባሁ። ማሽኑ ቀርፋፋ ነው፤ የፊተኛው ወጥቶ እስኪያልቅ አልጠብቅም፣ ሁለተኛውን ከኋላው አስከትላለሁ። ለዓመታት እንደዚህ ነው የሠራሁት።

የመጀመሪያው ጫፉን ብቅ አደረገ። ጥቁር ነው። ፀጉር መሰለኝ። ቀስ እያለ ወጣ፤ ግንባር ጥቁር፣ ፊት ጥቁር፣ ዩኒፎርሙ ጥቁር። አራት የሚያብረቀርቁ ጥቁር ሰሌዳዎች! ክው አልኩ። ሁለተኛውን ሮለሩ ነክሶታል። የመመለሻውን ቁልፍ ተጫንኩ፤ ወደ ኋላ ሲጎተት እዚያው ሙቀቱ ውስጥ ተጨማሪ ቆየ። ከፊተኞቹ የባሰ ጠቁሮ ወጣ።

«ማሽኑ ተቃጠለ!» አልኩና ከሶኬት ነቀልኩት።

ልጅቷ ምንም አላለችም። ካልገቡት አንዱን አነሳች፣ ጠርዙን በጥፍሯ ፈጠን አድርጋ ፋቀችው። ጥፍሯ ያለፈበት ላይ ጥቁር መስመር ቀረ።

«ጋሼ፣ ይሄ እኮ የደረሰኝ ወረቀት ነው። ሱፐርማርኬት ካሸር ሆኜ ስሠራ ሻይ ብርጭቆ ስናስቀምጥበት ይጠቁር ነበር።»

ከድንጋጤው ይልቅ ያሳፈረኝ ይሄ ነው። የሒሳብ ሠራተኞች የካሽ ሬጅስተር ደረሰኝ በክምር ይዘው ወደ እኔ ይመጣሉ። ለምን? ጽሑፉ እየደበዘዘ ስለሚጠፋ ኮፒ ሊያደርጉ። ስንት ሺህ ደረሰኝ በእነዚህ እጆቼ አልፏል! ወረቀቱ ላይ መጀመሪያውኑ ቀለም የሌለው ማቅለሚያና እሱን የሚያነቃው ኬሚካል አብረው ተቀብተዋል። ሙቀት ሲነካቸው ቀልጠው ይገናኛሉ፣ ይጠቁራል። የካሜራው ማተሚያ የሚባለውም የሚሞቁ ጥቃቅን ነጥቦች የተደረደሩበት አንድ መስመር ነው፤ የሚፈልገውን ቦታ ብቻ ይተኩሳል። የእኔ ላሚኔተር ደግሞ ከ100 ዲግሪ በላይ ሞቆ ሁሉንም ቦታ ተኮሰው። ማሽኑ ምንም አልሆነም። ሥራውን በደንብ ነው የሠራው።

አሁን ጉዴ ፈላ። ካርዱ ካሜራው ውስጥ ቢኖር ኖሮ ፋይሉ ይቀመጥ ነበር፤ ስምንቱን ደግሜ አትሜ ማንም ሳያውቅ ያልፍ ነበር። ለነገሩ ኤሌክትሮኒክ መሆኑ የሚጠቅመው ለዚሁ አይደል? የድሮው ፖላሮይድ አንድ ወረቀት ነው፣ ሄደ ሄደ። እኔ ግን ዲጂታሉን ካሜራ ወደ ድሮ ፖላሮይድ መለስኩት። የሄዱት ስምንቱ ደግሞ እነማን እንደሆኑ አላውቅም። ጥቁር ሰሌዳ ስም የለውም።

ጠዋት ባዶ ሆዴን ሄድኩ። ማሽኑ ነው ልል መንገድ ላይ ሳወጣ ሳወርድ ነበር፤ በር ላይ ስደርስ ዳይሬክተሯ እየሳቁ ሲቀበሉኝ አቃተኝ። ስምንቱን ጥቁሮች ጠረጴዛው ላይ ዘረገፍኩ። «እኔ ነኝ ያቃጠልኳቸው» አልኳቸው። አንዱን አንስተው ወደ መስኮቱ አዞሩት፣ እንደ ኤክስሬይ።

«ልጁ የታለ?» አሉ።

ሚስ ተጠራች። 38ቱን መሬት ላይ ደረደርን፤ የስም መዝገቡን ይዛ ተንበረከከች። ያንን በነጥብ የተሠራ ፊት እያየች በፍጥነት ታነሳለች፦ ይሄ እሱ ነው፣ ይቺ እሷ ናት፣ እነዚህ መንትዮቹ ናቸው፣ ትልቁ በግራ ነው። እኔ ያነሳኋቸው ሰውዬ አንዱን ከአንዱ መለየት አቅቶኛል። እሷ በጆሮ ቅርጽ ትለያለች። በመጨረሻ መዝገቡ ላይ ምልክት ያልተደረገባቸው ስምንት ስሞች ቀሩ። ለወላጆቻቸው እዚያው ደወለች።

የተረፉትን ወደ ሱቅ መልሼ ስካን አደረግኩና በደህና የፎቶ ወረቀት አተምኳቸው። ላሚኔት የሆነው ቅጂው ነው፤ ዋናው ሙቀት ሳይነካው በፖስታ ገባ። መጀመሪያውኑ እንደዚያ ባደርግ የግማሽ ሰዓት ሥራ ነበር። የወረቀቱን ዋጋ ከኪሴ ቻልኩ። ስድስቱ ልጆች ቅዳሜ መጥተው እንደገና ተነሱ፤ በትልቁ ካሜራ፣ በከለር። አንዷ ለክረምት ክፍለ ሀገር ሄዳ ስለነበር አባቷ በቴሌግራም ፎቶ ላከልኝ።

ከዚያ ወዲህ ላሚኔት አድርግልኝ የሚል ሰው ሲመጣ መጀመሪያ ጥፍሬን ነው የማወጣው። ጠርዙ ላይ ፈጠን አድርጌ እፍቃለሁ፤ መስመር ካወጣ ወደ ስካነር። ወዲያው የሚወጣ ፎቶ ዓይነቱ በዝቷል። እንደ ፖላሮይድ ስናፕ ያሉት ካሜራዎች ዚንክ በሚሉት ልዩ ወረቀት ነው የሚያትሙት፤ ቢጫው፣ ሮዝማ ቀዩና ውኃ ሰማያዊው ቀለም ወረቀቱ ውስጥ ተኝተው ሙቀት ነው የሚቀሰቅሳቸው። የደረሰኝ ወረቀት የአጎት ልጅ በሉት። ኢንስታክስ ሚኒ ኢቮ የሚባለው ካሜራ ደግሞ ሌላ ነው፤ በስክሪን አይታችሁ የወደዳችሁትን ብቻ እውነተኛ ፊልም ላይ ያወጣዋል፣ አንድ ካርትሪጅ 10 ፎቶ ነው። ከሰርግ ላይ ይዘውት የሚመጡ አሉ። እሱንም ትኩስ ላሚኔተር ውስጥ አላስገባም፤ ኬሚካሉ እዚያው ውስጡ ነው። ደንበኛ «አንተ ደግሞ አበዛኸው» ሲለኝ ከስምንቱ ጥቁሮች አንዱን ከመሳቢያ አውጥቼ አሳየዋለሁ።

ስምንተኛው ልጅ የመጣው ሐሙስ ነው፣ ከእናቱ ጋር። በትልቁ ካሜራ አነሳሁት፣ አሳምሬ አትሜ ሰጠሁት። አየውና ፊቱን አዞረ።

«ይሄ የእኔ አይደለም» አለ። «የእኔ ከሆዱ የወጣው ነው።»

እናቱ ልትቆጣው ስትል ተዪው አልኳት። ሰማያዊውን ካሜራ አመጣሁ። ካርዱ መኖሩን ሁለት ጊዜ አየሁ። ወደ በሩ ብርሃን አዞርኩት፣ ሳቀልኝ፣ ዝዝዝ። ወረቀቱን ገና ሙቅ እንደሆነ ከአፉ ነጥቆ ወሰደ፤ እናቱ ከእጁ ተቀብላ ሳትጨማደድ በሁለት ጣቷ ያዘቻት።

«ውይ ስታምር!» አለች። «ጋሼ፣ እንዳትቀደድበት ላሚኔት አያደርጉልንም?»

ልጅቷ ኮፒ ማሽኑ ጀርባ ተደብቃ ሳቀች።