ሁለት ጣት

እናቴ ስለ ሥራዬ ስትጠየቅ «ባቡር ላይ ነው የሚሠራው» ትላለች። ጥፋቱ የእኔ ነው። በሶፍትዌር ሥራ ውስጥ ያለኝ መደብ «ሪሊዝ ትሬይን ኢንጂነር» እንደሚባል አንድ ቀን ቃል በቃል ተርጉሜ ነገርኳት። ባሕር ዳር ባቡር የለም። ያደግኩበት ፍኖተ ሰላም አካባቢ ደግሞ ባቡር ማለት ወፍጮ ነው። ጎረቤቶቻችን ወፍጮ ቤት የከፈትኩ መስሏቸው፣ ለፋሲካ ስሄድ አንዷ «ኩንታሉን በስንት ትፈጫለህ?» አለችኝ።

ቆይቼ ሳስበው ግን ከሐዲዱ ይልቅ ወፍጮው ለእኛ ሥራ ይቀርባል። እናቴ ጤፍ ስታስፈጭ ከፊቷ የቆመችው ሴት ምን እንዳስፈጨች ሳታይ የጆንያዋን አፍ አትፈታም። በቆሎ ከሆነ በድንጋዩ መካከል የቀረው ዱቄት ከእሷ ጤፍ ጋር ይወርዳላ። እህሉ ንጹሕ ነው፣ ወፍጮውም ደህና ነው። እንጀራው ግን ይበላሻል።

የዛሬው ወሬዬም የዚሁ ዓይነት ነው።

አጃይል፣ ማለትም ሶፍትዌርን በአጭር በአጭር ዙር እየሠሩ የማሳየት አሠራር፣ ሲጀመር የትንሽ ቡድን ነገር ነበር። እ.ኤ.አ. በ2001 ዩታ ውስጥ የተሰበሰቡ 17 ሰዎች መግለጫውን ሲጽፉ በአንድ ክፍል ተቀምጦ የሚነጋገር ቡድን ነበር በአእምሯቸው። ሃምሳና መቶ ሰው አንድ ሥርዓት ሲሠራ እንዴት ይሁን ለሚለው ብዙ መልስ ተሰጥቷል። ከታወቁት አንዱ እ.ኤ.አ. በ2011 የወጣው ሴፍ የሚባለው አሠራር ነው። ቡድኖች ይሰበሰቡና አንድ «ባቡር» ይሆናሉ፤ ከ50 እስከ 125 ሰው። ከ8 እስከ 12 ሳምንት የሚሆነውን አብረው ያቅዳሉ፣ በየሁለት ሳምንቱ የሠሩትን አገጣጥመው ያሳያሉ።

እኛ ስድስት ቡድን ነበርን፣ ሃምሳ አምስት ሰው ገደማ። የምንሠራው ለአንድ የቁጠባና ብድር ተቋም ነው። እያንዳንዱ ቡድን አሠራሩን የሚያስይዝ ስክረም ማስተርና ምን እንደሚቀድም የሚወስን ፕሮዳክት ኦውነር አለው። ከዚያ በላይ የምርቱ ሥራ አስኪያጅና የሥርዓቱን ንድፍ የሚያወጣው አርክቴክት አሉ። የባቡሩ ኢንጂነር እኔ ነኝ፤ ማንንም ግን አላዝም። ስብሰባውን እመራለሁ፣ እንቅፋት አነሳለሁ፣ «ይህን ማን ያዘው?» እያልኩ ስጠይቅ እውላለሁ። ቢያንስ እንደዚያ ማድረግ ነበረብኝ።

ዕቅዱ ሁለት ቀን ይፈጃል። ጣና ዳር አዳራሽ ተከራየን። ግድግዳው ላይ ትልቅ ሰሌዳ አለ። አግድም ቡድኖቹ፣ ወደ ታች ደግሞ ስፕሪንቶቹ፣ ማለትም የሁለት ሳምንት ዙሮቹ፣ ተሰምረዋል። አንዱ ቡድን ከሌላው የሚጠብቀው ነገር ካለ በሁለቱ ካርዶች መካከል ቀይ ክር ይወጠራል። ክር የበዛበት ቦታ አደጋ አለ ማለት ነው። ሰሌዳው ሲሞላ የሸማኔ ድር ይመስላል። ሰው ሁሉ ፎቶ ያነሳዋል። እኔም አንስቻለሁ።

ያ ፎቶ አሁንም ስልኬ ላይ አለ። በሞባይል ቡድንና በመሠረት ቡድን መካከል አንድም ክር የለም።

መሠረት የምንለው ሁሉም የሚጠቀምበትን ኮድ የሚጽፈው ቡድን ነው። ከነዚህ አንዱ የቀን መቀየሪያ ነበር፤ የእኛን ቀን ወደ ፈረንጅ፣ የፈረንጁን ወደ እኛ የሚመልስ። የሞባይል ልጆች «መቼ ይደርሳል?» ብለው ጠየቁ። «አራተኛው ስፕሪንት» ተባሉ። እነሱ የሚፈልጉት በሁለተኛው ነው። ሻይ ሰዓት ላይ አንዱ «ተወው፣ እኛው እንጽፈዋለን፣ የግማሽ ቀን ሥራ ነው» አለ። ሰምቼዋለሁ። ጎበዞች አልኩ፣ ሳላጋንን። አንድ ክር ቀነሱልኝ!

አርክቴክቱ ትንሽ ከነከነውና «የቀን መቀየሪያ» የሚል ካርድ ስጋቶች ከሚለጠፉበት ሰሌዳ ላይ ሰቀለ። ስጋት ሲነሳ ከአራት ሳጥን በአንዱ ይገባል፦ ተፈቷል፣ ባለቤት አለው፣ ተቀብለነዋል፣ መላ ተበጅቶለታል። «ባለቤት አለው» ውስጥ ከተትነው። የባለቤቱ ስም በሚጻፍበት መስመር ላይ «ሁሉም ቡድን» ተብሎ ተጽፏል። የእጅ ጽሑፉ የእኔ ነው።

ሁለተኛው ቀን መጨረሻ ላይ ድምፅ ይሰጣል። ሁሉም እጁን አውጥቶ በጣቱ ይናገራል። አምስት ጣት ያለ ጥርጥር እናደርሰዋለን፣ አንድ ጣት በፍጹም አይሆንም ነው። አማካዩ ከሦስት ካነሰ ዕቅዱ እንደገና ይሠራል። ሁለትና ከዚያ በታች ያሳየ ሰው ምን እንዳሳሰበው እንዲናገር ዕድል ይሰጠዋል። ወረቀት ላይ በጣም ያምራል።

ሰዓቱ አሥራ አንድ ተኩል ሆኗል። ከአዲስ አበባ የመጡት ኃላፊ አውሮፕላን አለባቸው፣ ቦርሳቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገዋል። «እንግዲህ ጣታችሁን እንይ» አልኩ። አዳራሹ በአራት በአራት ጣት ተሞላ። ከኋላ በኩል ግን አንዲት ሶፍትዌር የምትፈትሽ ባለሙያ ሁለት ጣት አውጥታለች። ከገባች አራት ወር አልሞላትም።

«ምን አሳሰበሽ?» አልኳት።

ሃምሳ አራት ራስ ዞረ። ኃላፊው ሰዓታቸውን አዩ። ክፋት አልነበረበትም፤ ሰዓት ነው ያዩት። ልጅቷ ሦስተኛውን ጣቷን አወጣች።

«ኧረ ምንም» አለች።

አጨበጨብን።

አሁን ወደ ጳጉሜን 6 ልውሰዳችሁ። ጠዋት አንድ ሰዓት ተኩል ላይ በግ ተራ ነኝ። ዋጋ ተስማምቼ፣ ገመዱን ተቀብዬ፣ በጉን ወደ ባጃጅ እየጎተትኩ ስልኬ ጮኸ። ከመራዊ የሚደውል የተቋሙ ሠራተኛ ነው። «አንዲት እናት አላስወጣ አሉኝ፣ አንተው አናግራቸው» ብሎ ስልኩን ሰጣቸው።

እኚህ እናት አነስተኛ ብድር ወስደው የሚነግዱ ናቸው። የዓመቱ የመጨረሻ ክፍያቸው ጳጉሜን መጨረሻ ላይ ነው። ገንዘቡን በመሐረብ ቋጥረው ሊከፍሉ ሲመጡ ሌሊት የገባ መልእክት ተነበበላቸው፦ የክፍያ ቀንዎ አልፏል፣ ቅጣት ተጨምሯል።

«ልጄ፣ ዛሬ ስንት ነው?» አሉኝ።

«ጳጉሜን ስድስት።»

«ታዲያ ያንተ ኮምፒውተር የት አገር ነው የሚኖረው? ዘንድሮ እኮ ሉቃስ ነው!»

በጉን ይዤ ቆሜ ቀረሁ።

ለማያስታውስ ሰው ልበል። ጳጉሜን አምስት ቀን ናት፣ በዘመነ ሉቃስ ግን ስድስት ትሆናለች። ስሌቱን የቆሎ ተማሪ ሁሉ ያውቀዋል። በዓመተ ምሕረቱ ላይ 5500 ደምረህ ለአራት ታካፍላለህ። ቀሪው 1 ከሆነ ማቴዎስ፣ 2 ማርቆስ፣ 3 ሉቃስ፣ ያለ ቀሪ ከተካፈለ ዮሐንስ ነው። 5500 ራሱ ለአራት እኩል ስለሚካፈል ዓመቱን ብቻ ብታካፍልም ቀሪው ያው ነው። የመሠረት ቡድኑ ልጅ ግን የፈረንጁን ልማድ ይዞ «ቀሪው ዜሮ ከሆነ ስድስት» ብሎ ጽፏል። ስህተቱ አንድ አኃዝ ነው። ስለዚህ ሰርቨሩ ጳጉሜንን በአምስት ጨርሶ፣ አገሩ ገና የዋዜማ በግ ሲገዛ እሱ ሌሊቱን መስከረም 1 ገብቷል። ከገባም በኋላ በሥርዓቱ መሠረት ያልከፈለውን ሁሉ ቀጥቷል። ከአራት መቶ ሰው በላይ።

የሞባይል ልጆች የጻፉት መቀየሪያ ግን ትክክል ነበር! ለስልኩ ጳጉሜን ስድስት ቀን ናት፣ ለሰርቨሩ አምስት። እያንዳንዱ ቡድን የራሱን ፈተና አልፏል። በየሁለት ሳምንቱ በምናደርገው የጋራ ዴሞ ላይም አብረው ሠርተዋል፤ ምክንያቱም ዴሞ የምናደርገው በሐምሌና በነሐሴ ቀን ነው። በእነዚያ ወራት ሁለቱም አይሳሳቱም። ሰዓቱን ወደ ፊት ገፍቶ ዓመቱ ሲያልቅ ምን እንደሚሆን ያየ ሰው አልነበረም።

በጉን ይዤ ቢሮ ገባሁ፤ ሌላ የማደርስበት ጊዜ አልነበረኝም። ግቢው ውስጥ ማንጎ ሥር አሰርኩት። ጥበቃው ሣር አመጣለት፤ በጉ ግን ቀኑን ሙሉ ሲጮህ ዋለ። የሒሳብ ቡድኑ ቅጣቱን መለሰ፣ አኃዙ ተስተካከለ፣ ከሰዓት በኋላ የይቅርታ መልእክት ሄደ። የመራዊዋን እናት ራሴ ደውዬ ይቅርታ ጠየቅኋቸው። «እግዜር ይስጥህ፣ አሁንስ በእጃችሁ ብትቆጥሩት» አሉኝ።

ከበዓሉ በኋላ የግምገማው ቀን መጣ። በዚህ አሠራር እያንዳንዱ ዙር ሲዘጋ ችግር ተመርጦ እስከ ሥሩ ይቆፈራል፤ «ለምን?» እየተባለ ደጋግሞ ይጠየቃል። ኃላፊው መጀመሪያ የፈለጉት ስም ነበር። ኮዱን የጻፈው ልጅ ፊቱ አመድ መስሏል። «ለምን?» ብለን ቀጠልን። ለምን ሁለት መቀየሪያ ኖረ? አንዱ ስለሚዘገይ። ለምን ይዘገያል? መሠረት ቡድን አምስት ቡድን ስለሚጠብቀው። ለምን ክር አልተወጠረም? መልሱ እኔ ዘንድ ስለሆነ እጄን አወጣሁ።

ሜልቪን ኮንዌይ የተባለ ሰው እ.ኤ.አ. በ1968 የጻፈው ነገር አለ። የአንድ ድርጅት ሰዎች የሚሠሩት ሥርዓት የእነሱን የመነጋገሪያ መንገድ መምሰሉ አይቀርም ይላል። አዳራሹ ውስጥ ሞባይል በበሩ በኩል፣ መሠረት በመስኮቱ በኩል ነበር የተቀመጡት። በመካከላቸው ሠላሳ ወንበር ነበር። አንዳችን እንኳ ተነስተን ያን ሠላሳ ወንበር አላለፍንም። ሌስ የሚባለውን ሌላ መንገድ የሚመርጡ ጓደኞቼ ይስቁብኛል። እስከ ስምንት ቡድን በአንድ ፕሮዳክት ኦውነርና በአንድ የሥራ ዝርዝር ነው የሚሄዱት፤ እንደ መሠረት ያለ ለሌላው ብቻ የሚሠራ ቡድን ባይኖር ይመርጣሉ። እውነት አላቸው። እኛ ግን በአንድ ጀምበር አንለወጥም።

ልጅቷን ለብቻዋ ቡና ጋበዝኳት። «ሉቃስን አስበሽው ነበር እንዴ?» አልኳት።

«ኧረ የለም» ብላ ሳቀች። «አባቴ መሪጌታ ነው፣ ቢሰማ ያዝንብኛል። ቀን ሁለት ቦታ እንደሚቆጠር ብቻ ነው ያየሁት። ደስ አላለኝም።»

«ታዲያ ለምን አልተናገርሽም?»

«ጋሼ፣ አንተስ በእኔ ቦታ ብትሆን ትናገር ነበር?»

መልስ አልነበረኝም። እሷ እንኳ ሁለት ጣት ማውጣቷ ጉድ ነው። ይሉኝታ ባለበት አገር፣ በአለቃ ፊት፣ ለመሄድ በተነሳ ሰው መሐል ጣት ቁጠሩ ማለት ሰዎቹን ትሕትና መጠየቅ ነው። እነሱም ያንኑ ሰጡኝ።

በሚቀጥለው ዕቅድ ጥቂት ነገር ቀየርኩ። የስጋት ካርድ ላይ የአንድ ሰው ስም ካልተጻፈ አይሰቀልም። ሞባይልና መሠረትን ጎን ለጎን አስቀመጥኳቸው። ድምፁን ደግሞ ከመሸኛው ሰዓት አንስቼ ከምሳ በፊት አደረግሁት፣ በተጣጠፈ ብጣሽ ወረቀት። ሰብስቤ አንድ በአንድ አነበብኩ። አራት። ሦስት። ሁለት። ሁለት። ሦስት። አንድ። ሁለት።

ኃላፊው ቀና አሉ። «አንድ ያለው ማን ነው?»

ማንም አልተነፈሰም።

«ወረቀቱ ነው» አልኳቸው።

ሊቆጡ ነው ብዬ ስጠብቅ ሳቁ። አማካዩ ከሦስት በታች ነበር። የማታውን አውሮፕላን ለማግስቱ አስቀየሩ፣ እኛም ሰሌዳው ፊት ተመልሰን ቆምን። ለሁሉም ምሳ ዓሣ ታዘዘ።