ጃዝ፣ ሜታልና ክላሲካል አንድ ባንድ ውስጥ፦ እስካሁን የደረስንበት

ሰላም ጓዶች፣ የሮክ ባንዳችን ከየት ወዴት እንደደረሰ ላካፍላችሁ። እኔ ቤዝ ነው የምጫወተው፣ ድራመራችን ከጃዝ ነው የመጣው፣ ጊታሪስቱ ሜታል እየሰማ ያደገ፣ ኪቦርዲስቷ ደግሞ ክላሲካል ፒያኖ የተማረች ናት።

ሁላችንም የፈራነው በዘፈን ምርጫ እንጨቃጨቃለን ብለን ነበር፣ እሱ እንኳን ብዙም አላስቸገረም፣ ያስቸገረን ታይሚንግ ነው፣ ማለትም ምቱን እኩል መያዝ! የጃዝ ድራመር ጊዜውን የሚይዘው በራይድ ሲምባሉና በሃይሃቱ (በብረት ሳህኖቹ) ነው፣ ኪኩን (በእግር የሚመታውን ትልቁን ከበሮ) ነካ ነካ ነው የሚያደርገው፣ ሮክ ላይ ግን ዘፈኑን የሚሸከሙት ኪኩና ስኔሩ (በዱላ የሚመታው ጠፍጣፋው ከበሮ) ናቸው፣ ስኔሩ ሁለተኛውና አራተኛው ምት ላይ ጠንከር ብሎ ማረፍ አለበት። በዛ ላይ ድራመሩ ሳያስበው ስዊንግ ያደርጋል (ምቶቹን አንዱን ረዘም አንዱን አጠር እያደረገ ያወዛውዛል)፣ ጊታሪስቱ ቀጥ አድርጎ ይመታል፣ ቤዙ መሀል ላይ ይንሳፈፋል።

የጠቀመን ነገር ምን መሰላችሁ፣ ሌሎቹ ዝም ብለው እኔና ድራመሩ ብቻ አንዷን ሪፍ (የምትደጋገም አጭር ዜማ) በ70 ቢፒኤም (በደቂቃ 70 ምት) ከሜትሮኖም (ምት ቆጣሪ) ጋር ደጋግመን መጫወት። ቀስ ሲባል መደበቂያ የለም፣ የቤዙ ኖታ ከኪኩ ትንሽ ከቀደመ ወዲያው ጆሮ ይይዘዋል። ሁለቱ እኩል ማረፍ ሲጀምሩ ጊታሪስቱ ሳይጠራ ጊታሩን አንስቶ ገባ፣ ምን ልበላችሁ በጣም ደስ ይል ነበር።

ከዛ ድምፅ መከፋፈል። የኪቦርዱ ግራ እጅ ቤዙ ላይ ይደራረብ ስለነበር ወደ ላይ ወጣ። የጊታሩ ዲስቶርሽንም (ድምፁን የሚያሻክረው ኢፌክት) ተቀነሰ፣ ብዙ ዲስቶርሽን ለብቻው ሲሰማ ያምራል ባንድ ውስጥ ግን ኮርዱ ይድበሰበሳል፣ ጊታሪስቱ ይሄን ያመነው ልምምዱን በስልክ ቀድተን ስናሰማው ነው።

አንድ ነገር ላይ ግን አቋም አለኝ፣ ማንም ያመጣውን መጣል የለበትም። በፈረንጆቹ 1966 የተመሰረተውን ክሪም የሚባለውን የእንግሊዝ ሮክ ባንድ ስሙት፣ ድራመሩ ጂንጀር ቤከርና ቤዝ ተጫዋቹ ጃክ ብሩስ ከጃዝ ነው የመጡት፣ ብሩስ እንደውም ቼሎ የተማረ ሰው ነው፣ ጊታሪስቱ ኤሪክ ክላፕተን ደግሞ ከብሉዝ፣ እና ሶስቱም ሲጫወቱ የመጡበት ይሰማል። የኛም ድራመር በስኔሩ ምቶች መሀል ቀስ እያለ የሚጥላቸው ትንንሽ ምቶች አሉ፣ እነሱን አትንካ ብለነዋል፣ ሪፉን የሚያራምዱት እነሱ ናቸው።

አሁን የራሳችንን ዘፈን ጀምረናል፣ የቀረን ዳይናሚክሱ (ድምፅን ከፍና ዝቅ ማድረጉ) ነው፣ ሁሉም ኮረሱ (አዝማቹ) ላይ ሳይደርስ ድምፁን ከፍ ያደርጋል። ከተለያየ ስታይል የመጣ ባንድ ያላችሁ እዚህ ላይ እንዴት እንደተግባባችሁ ጻፉልኝ።